የብዙነሽ ጾም

እማማ ብዙነሽ ቀሚሳቸው በላብ እንደራሰ ጤና ጣቢያ ደርሰው እዚያው አረፉ። ስኳር በሽታ የሌለባቸው ሴት፣ በደማቸው ያለው ስኳር ተሟጦ ነበር፤ ግሉኮስ ቢሰጣቸውም አልነቁም። ሐኪሙ ሆዳቸው ላይ አዲስ የመርፌ ምልክት አየና ፖሊስ ጠራ።

መርማሪዋ ሳጅን ራቢያ ቆቦ ዳር ካለው ቤታቸው ስትደርስ ጎረቤት ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። «ያቺ አስታማሚ ናት! ትታሰር!» ይላል። አይ የሰው አፍ! አስታማሚዋ ከፈለች እማማ ብዙነሽ የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ጀምሮ ያጠበቻቸው፣ ያለበሰቻቸው ልጅ ናት። አሁን ማድቤት ተደብቃለች።

«አብሽሪ እህቴ» አለቻት ራቢያ። «ዛሬ ጠዋት በልተው ነበር?»

«አዎ፣ ገንፏቸውን ጨርሰዋል።»

ይህን ስትል ዓይኗ ወደ ጓሮው ሸሸ። ራቢያም ወደዚያው አየች። የዶሮው ቆጥ ሥር ገንፎ ደርቋል፤ የአንድ ቀን ብቻ አይመስልም።

«ቤት ውስጥ ኢንሱሊን አለ?»

«የጋሼ ነው፤ ስኳር ያለባቸው እሳቸው ናቸው። እንዳይበላሽ እርጥብ አሸዋ ባለው እንስራ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ መርፌ ሳይ ያዞረኛል።»

ባልየው አቶ ወልደ ሚካኤል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። «ዓይኔ የሰው ፊት እንኳ አይለይም ልጄ» አሉ። «መርፌውን ኤፍሬም ነው የሚሞላልኝ። ‹አባዬ፣ በላህ?› ሳይለኝ አንድም ቀን ወግቶኝ አያውቅም።»

ኤፍሬም አንድ ልጃቸው ነው፤ ሮቢት ሥነ ሕይወት ያስተምራል፣ ክረምቱን እናቱ ዘንድ መጥቷል። እናቱ ግን «አንተ ሰውዬ፣ የማን ልጅ ነህ?» ይሉት ነበር። ያ አንጀቱን ቆርጦታል።

ለቀስተኛው ውጭ እያለቀሰ ራቢያ ሦስቱን እልፍኝ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ አያዩም። ከፈለች መርፌ ትፈራለች። ከፈለች፣ ኤፍሬም ዛሬ ከቤት ሳይወጣ ምን ጠየቀሽ?»

«‹እማዬ በደንብ በልታለች?› አለኝ። ‹እርግጠኛ ነሽ?› ብሎም ደግሞ ጠየቀኝ።»

«ኢንሱሊን በባዶ ሆድ ይገድላል፤ ሊወጋ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ስለ ምግብ ይጠይቃል። ሊገድል ያሰበ ግን ምን አስጨንቆት ይጠይቃል?» ራቢያ ወደ ኤፍሬም ዞረች። «አንተ ልትገድላቸው አልፈለግህም። ታዲያ ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

ኤፍሬም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«የአእምሮ ነርቭ ሕዋሳት ሽፋናቸው ላይ ኢንሱሊንን የሚቀበል ፕሮቲን አላቸው። በእማዬ በሽታ ያ ፕሮቲን ኢንሱሊኑን እንደ ድሮው አይሰማውም፤ ሕዋሱም እየደከመ ይሄዳል ሲባል አነበብኩ። ትንሽ ብጨምርላት ይሰማው ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ከበላች አይጎዳትም ብዬ ወጋኋትና ወደ ሮቢት ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሜን እንድትጠራኝ ነበር!»

«አልበሉም» አለች ራቢያ ቀስ ብላ። «ገንፎውን ዶሮዎቹ ናቸው የበሉት። ከፈለች፣ አሁን እውነቱን ተናገሪ።»

ከፈለች መሬት ላይ ወደቀች። «ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም ነበር። የንስሐ አባታቸው ‹አንቺ አትጹሚ› ቢሏቸውም እምቢ አሉ። ብናገር አስገድዳችሁ ታበሏቸዋላችሁ ብዬ ዋሸሁ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ሁሉን ረስተው ጾሙን እንዴት አልረሱም?» አለች ራቢያ።

«ስለት ነው። ኤፍሬም ልጅ ሳለ ወባ ጥሎት የተሳሉት። ለሳቸው ዛሬም እንደታመመ ነው። ‹ኤፍሬሜ ታሟል፤ እመቤቴ ሳትምርልኝ አልቀምስም› እያሉ ነው በየጠዋቱ ገንፎውን ለዶሮ የሚበትኑት።»

አቶ ወልደ ሚካኤል ጮኸው አለቀሱ። ራቢያ «ኢና ሊላሂ» አለችና ካቴናውን ማውጣት ከበዳት፤ ግን ሥራዋ ነው፣ አወጣችው።

ኤፍሬም እጁን እየዘረጋ ከፈለችን አያት። «እማዬ እንዴት ብላ ነበር የምትጠራኝ? እስቲ አንዴ በይልኝ።»

ከፈለች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ልክ እንደ እማማ ብዙነሽ ድምፅዋን ጎተት አድርጋ፣ «ኤፍሬሜ» አለች።

«አቤት» አለ ኤፍሬም።