ከአንድ በፊት ዜሮ

ቶርከል አልምፎሽ ሰባ አምስት ዓመት በሞላቸው ሰኞ ጠዋት፣ የስልክ እጀታ እንደጨበጡ በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ስልኩ የድሮ መስሎ የተሠራ አዲስ ስልክ ነው፤ ጣት አስገብተው የሚያዞሩት ክብ መደወያ አለው፣ ሆዱ ውስጥ ግን ሲም ካርድ ተቀምጧል። የሦስት ሰዎች ድርጅት ሥራ ነው፤ ቶርከል ይነድፉት፣ ማይኬን ውስጡን ትገጥም፣ ሮልፍ ይሸጠው ነበር። እኛ የግሬና ከተማ ሰዎች እንስቅባቸው ነበር፤ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ግን ወረፋ ይይዝ ነበር። የድሮው የመዳብ ስልክ ሽቦ ከከተማችን ከተነቀለ ወዲህ ቶርከል ከዚህ ሌላ ስልክ አልነበራቸውም። ሞባይል ዓይኑን ማየት አይፈልጉም ነበር።

ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይተዋል፤ አምቡላንስ ቢደርስ ኖሮ ይተርፉ ነበር። አንድያ ልጃቸውን ቲራን ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ስልክ ጨብጠው ሳለ ማንም አልደረሰላቸውም። ፖሊስ ጣቢያ ገብታ፣ ስልኩን ያበላሸው ሮልፍ ነው፣ ድርጅቱን እንዳይሸጥ አባቴ እንቅፋት ሆነበት፣ ሰኞ ማለዳም እዚያው ቤት ታይቷል አለች። አባቴን የገደለው ሰው ስሙ ካልተጠራ ከዚህ አልነሳም ብላ ወንበር ይዛ ቁጭ አለች።

ጉዳዩ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀራት መርማሪ ኢንጌየርድ ብሩሊን ላይ ወደቀ። ኢንጌየርድ ብዙ አትናገርም፤ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅ ታውቅበታለች።

ሮልፍ ለመሸጥ መፈለጉን አልካደም። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኬክ ይዞ እንኳን አደረሰህ ለማለት ሄዶ ነበር።

«ተጣላችሁ?»

«ኧረ የምን ጠብ! ፊቱ በርቶ ነበር። ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ አገኘሁ አለኝ። ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ኬኩን ተቀብሎ በሩን ዘጋ።»

«ስልኩንስ ነክተሃል?»

«እኔ? ቤቴ አምፖል እንኳ የምትቀይረው ሚስቴ ናት።»

ማይኬን ስልኩን መርማሪዋ ፊት ፈታችው። የተቆረጠ ሽቦ የለም፣ የተቃጠለም የለም። ልትዘጋው ስትል እጇ መደወያው ላይ ቀረ።

«ይሄ የኛ አይደለም» አለች። «የኛ ከአንድ ይጀምራል። ይሄኛው ከዜሮ።»

ኢንጌየርድ አየችው። ልጅ ሳለች እናቷ ቤት የነበረው ስልክ ልክ እንዲህ ነበር። መሐሉ ላይ ባለች ክብ ወረቀት በሰማያዊ ቀለም 10462 ተብሎ ተጽፏል። ልዩነቱ ምን ያመጣል ብላ ጠየቀች። ማይኬን ነገረቻት፤ ኢንጌየርድ ሁለቴ አስደገመቻት።

ከዚያ ቲራን አስጠራች። እሁድ የት እንደነበረች ጠየቀቻት። አባቷ ጋ ምሳ በልታ እስከ አሥር ሰዓት ቆይታለች፤ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከምሳ በኋላ ተኝተው ነበር።

«ስልኩ ያኔ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር እንጂ። ራሴ ደውዬበት ጮኋል። ሰኞ ነው ያበላሸው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ረቡዕ ዕለት ቲራን፣ ሮልፍንና ማይኬንን በቶርከል የሥራ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አጠገቡ ከስልኩ የወጡትን የመጨረሻ ጥሪዎች የያዘ ወረቀት አለ።

«ቶርከል ደውሏል» አለች ኢንጌየርድ። «ስልኩም አልተበላሸም። የተቀየረው መደወያው ብቻ ነው። በድሮው የአገራችን መደወያ ዜሮ ከአንድ በፊት ነው የሚመጣው። ስልክ ቁጥሩን የሚያውቀው መደወያው ሲመለስ የሚሰጠውን ምት ቆጥሮ ነው፤ ዜሮን ስታዞሩ አንድ ምት፣ አንድን ስታዞሩ ሁለት ምት ይሰጣል። የዚህ ስልክ ሆድ ግን ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው፤ ሁለት ምት ከሰማ ሁለት ነው ይላል። ቶርከል ደረቱን ሲወጋው ወደ ድንገተኛ እርዳታ፣ 112 ደወለ። ስልኩ የላከው 223 ነው። ደገመው፤ ያው 223። ቀጥሎ ያንቺን ቁጥር ሞከረ፣ ቲራ። እያንዳንዱ አሃዝ በአንድ ጨምሮ የማንም ያልሆነ ቁጥር ሆነ።»

ቲራ ወደ ሮልፍ ዞረች። «ሰማህ?»

«ሮልፍ አይደለም» አለች ኢንጌየርድ። «ማይኬንም ብትሆን አፏን ዘግታ ትቀመጥ ነበር፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። ቶርከልም ራሱ አይደለም፤ ስጦታ አገኘሁ ብሏል። ለራሱ ስጦታ የሚሰጥ ሰው የለም። 10462ን ከድሮ መዝገብ አስፈትሼ አገኘሁት። እናትሽ በሕይወት ሳለች የነበራችሁ የቤት ቁጥር ነው። እነዚህ ሁለቱ ቶርከልን ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው።»

መቀጠል አልፈለገችም፤ ግን መርማሪ ናት።

«እሁድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሞባይልሽ እዚህ ስልክ ላይ ተደውሏል። አንቺ ደግሞ እዚሁ ቤት ነበርሽ። ሰው አጠገቡ ያለ ስልክ ላይ የሚደውለው አንድ ነገር ገጥሞ ሲሞክር ነው።»

ቲራ ክው ብላ ቀረች።

«ለልደቱ እኮ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድ የሚቀድምበት ስልክ የኛ አገር ስልክ አይደለም ይል ነበር። መደወያውን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቼ የድሮ ቁጥራችንን ጻፍኩበት። አራት ብሎን ብቻ ነው። ደውዬ ሞከርኩት… ጮኸ እኮ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስትለው የሰነበተችው ሮልፍ ተነስቶ ትከሻዋን ያዛት። ኢንጌየርድ ወንጀል የለም፣ የሚከሰስም ሰው የለም አለች። የጥሪዎቹን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ልትከተው እጇን ስትዘረጋ ግን ቲራ ቀደመቻት።

«ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው 11 ምንድነው?»

ማይኬን ከመስኮቱ ማዶ ወዳለው ሐይቅ አየች።

ቲራ እጀታውን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጣቷን ዜሮ ላይ አስገብታ አዞረች፤ አንድ ምት። እንደገና ዜሮ፤ አንድ ምት።

«ገብቶት ነበር» አለች። «የተቀየረው መደወያው መሆኑ፣ ለ11 ሁለቴ ዜሮ ማዞር እንዳለበት ገብቶት ነበር። ማን እንደገጠመውም ያውቃል። አንዲት ዙር ነበረች የቀረችው።»

ከዚያ ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ አስገብታ አዞረች። ሁለት ምት ተሰማ። ወዲያው የአንዲት ሴት የተረጋጋ ድምፅ ከእጀታው ወጣ።

«112፤ ምን ደረሰ?»

ቲራ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ሴትዮዋ ጥያቄዋን ደገመች።