የእማማ ፉአቲኖ እግሮች

«እማማ፣ ትንሽ ይርገጡት እንጂ። ሲስተሯ እያየችን ነው» አለች ቴሌሲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አያቷ ፉአቲኖ ወደ ጎን ዞር አሉ። ግራ ክንዳቸው ደም በሚመላለስባቸው ቱቦዎች ከኩላሊት እጥበት ማሽኑ ጋር ተያይዟል። ከፊታቸው እንደ ብስክሌት የሚዘወር ፔዳል ተቀምጧል፤ እግራቸው ግን ላዩ ላይ እንደተጋደመ ቀርቷል። የሚያዩት አጠገባቸው ያለውን ወንበር ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ የሽማግሌው የላፋኤሌ ቦታ ነበር። ዛሬ አንዲት የማያውቋት ሴት ተኝታበታለች።

ላፋኤሌ ጡረታ የወጡ የአፒያ ከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ፔዳሉን እየዘወሩ «ወራጅ አለ?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። እንደሳቸው የሚዘውር ሰው አልነበረም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ ልባቸው ቀጥ አለች።

«እሱ ያን ሁሉ ዘውሮ የት ደረሰ?» አሉ ፉአቲኖ። «ንገሪኛ! የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ቴሌሲያ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አስተካከለች።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፔላ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ ቤት ውስጥስ? ከወንበር ብድግ ቁጭ የሚሉትን እየሠሩ ነው?»

«እንዴታ! ጠዋት ማታ። ልጅቷን ጠይቂያት።»

ቴሌሲያ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ «አዎ» ብላ ነበር የምታልፈው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቀልድ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ተያይተው ይሳሳቁበት ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን አያቷ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልትይዛቸው ስትል አብረው ወደቁ። እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብለው ለመኗት።

«አይሠሩም» አለች ቴሌሲያ። «ሠርተውም አያውቁም። ሐሙስ ዕለት ወድቀዋል።»

ፉአቲኖ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፔላ አልተቆጣችም። የሳሳውን ጭናቸውን በእጇ ዳሰሰች። «እማማ፣ አልዋሽዎትም። የሄደው ጉልበት ሁሉ አይመለስም። ግን የቀረውን…»

«ተዪኝ፣ ልጄ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ እንዳዞሩ ቀሩ። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ፣ «ከእንግዲህ እናትሽ ትውሰደኝ» አሏት። ቴሌሲያ ክንዳቸውን ደግፋ አወረደቻቸው። ክንዳቸው እንጨት ሆኖባት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ትናንት ሲመለሱ ያረፉበት ወንበር ላይ ናቸው። ቦርሳዋን ጥላ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘረጋችላቸው።

«አንዴ ብቻ፣ እማማ።»

«ሂጂ ተጫወቺ።»

«ቴሌሲያ! ቮሊቦሉ ሊጀመር ነው፤ ነይ እንጂ!» ጓደኛዋ ሶሴፊና ከመንገድ ተጣራች።

ፉአቲኖ የተዘረጉትን እጆች አዩ፤ የራሳቸውን ግን ከጉልበታቸው አላነሱም። «ብነሳም ባልነሳም እንደ ላፋኤሌ እሞታለሁ» አሉ።

አይሞቱም ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

አያቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሶሴፊና እንደገና ተጣራች።

«አልመጣም! ያለ እኔ ጀምሩ!» አለች ቴሌሲያ ዞር ሳትል። ክንዷ መዛል ጀምሯል። አላወረደችውም።