ከመስመሩ በኋላ ያለው ዝምታ

ዩጂን ሃትሌይ ከስቱዲዮው የኋላ ደረጃ ሥር ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል። ሄድፎኑ አሁንም አንገቱ ላይ ነው፤ ከመቅረጫ ማሽኑ የተነቀለው ገመድ ደረጃው ላይ ተዘርግቷል። ሳጅን ቬርኔታ ኦግልስቢ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ገመዱን በዓይኗ ተከተለችው። የሰኞ ጠዋት ቀጭን ዝናብ ሜምፊስ ላይ ይወርዳል።

«ተንሸራቶ ነው» አለ ሬሳውን ያገኘው ሰው። ኬለን ብራንት ይባላል፤ ባለፈው ዓመት የሞተውን የራፐሩን የጃቫርየስ ፔቲግሩን አልበም እንዲጨርስ ከሎስ አንጀለስ የመጣ ፕሮዲዩሰር ነው። ዩጂን ደግሞ ጃቫርየስን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀርጸው የኖረ የድምፅ ባለሙያ ነበር።

«የድምፅ ባለሙያ ሄድፎኑን ሳያወልቅ ከወንበሩ ይነሳል?» አለች ቬርኔታ።

ብራንት አሰበና «አይነሳም» አለ።

«እንግዲህ አንድ ነገር አስቸኩሎታል።»

ፎቅ ላይ ማሽኑ እንደበራ ነው። አንድ ዘፈን በሁለት የግጥም መስመሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቆሟል፤ የድምፁ ቁልፍ ግን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። መደርደሪያው ላይ በፎይል የተሸፈነ ሰማያዊ ሳህን ተቀምጧል። ገለጥ አደረገችው። ማካሮኒ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ። አልተነካም።

«ያንተ ነው?»

«አይደለም። እሁድ ሆቴሌ ነበርኩ፤ ብቻዬን። ዩጂን አልበሙን እንዲሰማልኝ የስቱዲዮውን በር ቁልፍ ሰጥቼው ሄድኩ።»

«ይህኛው የትኛው ዘፈን ነው?»

«የመጨረሻው። የጃቫርየስ ወንድም ሮስኮ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አግኝቶ በስልክ ላከልኝ። ዩጂን ከእሁድ በፊት ሰምቶት አያውቅም።» ብራንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። «ልጁ ከቀረጻቸው ሁሉ እንደሱ ንጹሕ የለም። ሌሎቹን ለማጽዳት ስንት ጊዜ ለፋሁ።»

ከስቱዲዮው ማዶ ባለው ፀጉር ቤት ኮርኔል ትሪብል የአንድ ሽማግሌ ፀጉር ይቆርጣል። የጃቫርየስን የድሮ ቢቶች፣ ራፑ የሚዘፈንባቸውን ምቶች፣ ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ በአዲሱ አልበም ግን ስሙ የለም።

«አልበሙን ሰማኸው?» አለችው ቬርኔታ።

«ሦስት ዘፈን። ከዚያ ጆሮዬ ፈቃድ ጠየቀኝ።» ሽማግሌው ሳቀ። «አንገትዎን አያንቀሳቅሱ፣ ጋሼ። ምን መሰለዎት፣ ሳጅን፣ ልጁ በራሱ አልበም ላይ እንግዳ ሆኗል። በሕይወቱ ሰላም ብሏቸው የማያውቁ ሰዎች ወንድሜ፣ ወንድሜ እያሉ ይዘፍናሉ። ያ ከሎስ አንጀለስ የመጣው ሰውዬ ደግሞ ከበሮውን እንደ ሆስፒታል ወለል ወልውሎታል።»

«እና ዩጂንን ብራንትን ስለረዳ ተቀየምከው?»

ኮርኔል መቁረጫውን አጠፋ። «ዩጂን እናቱ ልብስ በምትሰቅልበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የቀረጸን። እሱን አልቀየመውም።»

«ጃቫርየስ ሲቀርጽ ምን ልማድ ነበረው?»

«በአንድ ጆሮ ነው። ግራ ጆሮውን ያመው ስለነበር ሄድፎኑን በቀኙ ብቻ ያደርጋል። በግራ የተንጠለጠለው የሄድፎኑ ጎን ቢቱን ወደ ማይኩ ይተፋዋል። ዩጂን በዚህ ስንት ተጨቃጨቀው። በየቅጂው ከድምፁ ሥር የኔ ከበሮ አለ፤ ሌላ ቢት ቢያለብሱትም አይለቅም። ጎረቤት ቤት የሚመታ ይመስላል፤ ግን ድምፁን በጣም ከፍተው ነው የሚሰሙት።»

ቬርኔታ እስከ መጨረሻው የተከፈተውን የድምፅ ቁልፍ አሰበች።

ሮስኮ ፔቲግሩን እናቱ ቤት በረንዳ ላይ አገኘችው። ከኩሽናው ያ የመጨረሻው ዘፈን ይሰማል፤ ድምፁ «ማማ፣ በሩን ቆልፊ፣ እኔ ገብቻለሁ» ይላል።

«እሁድ የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። እዚህ ምሳ በላሁ፣ ከዚያ ቤቴ ተኛሁ። ከወንድሜ ቀብር ወዲህ እዚያ ስቱዲዮ ረግጬ አላውቅም።»

«እናትህ ሁልጊዜ ይህን ትሰማለች?»

«በየጠዋቱ። ዓመቱን ሙሉ ሰው አታናግርም፣ አትበላም ነበር። ይህ ዘፈን ከመጣ ወዲህ ነው ሰው የሆነችው።» መሬት መሬት አየ። «እባክዎ ይህን አይንኩባት።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየው ሚስ አርዜላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ዩጂን የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው የከፈተው ዘፈኑን ለመስማት አልነበረም» አለች ቬርኔታ። «ዝምታውን ነበር የሚሰማው። ብራንት፣ ያላጸዳኸውን አንዱን ክፈትልን።»

የጃቫርየስ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ መስመሩ አለቀ። ከባዶው ውስጥ ቀጭን ከበሮ ተሰማ።

«የኔ ነው» አለ ኮርኔል።

«አሁን የመጨረሻውን።»

መስመሩ አለቀ። ምንም የለም። ትንፋሽ፣ ከዚያ ምንም።

«ይህን የዘፈነው ሰው ሄድፎኑን በሁለቱም ጆሮው አድርጓል» አለች ቬርኔታ። «ጃቫርየስ አይደለም። ዩጂን ያገኘው ይህንን ነው።»

ብራንት ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔ ንጹሕ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ብታውቅ ኖሮ ንጽሕናውን ለፖሊስ ባላሞገስክ። ልጁን አታውቀውም፣ ስለዚህ ከበሮው አልጎደለብህም። ኮርኔል ደግሞ ቢሰማው ኖሮ መንገድ ላይ ወጥቶ ይናገር ነበር እንጂ ዩጂንን ዝም አያሰኝም። እንዲደበቅ የሚፈልገው ዘፈኑን ያመጣው ሰው ነው።»

«ረግጬ አላውቅም ብያለሁ» አለ ሮስኮ።

ቬርኔታ ሰማያዊውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሚስ አርዜላ፣ ይህን ያውቁታል?»

ሚስ አርዜላ ሳህኑን አየች። ከዚያ ልጇን አየች፤ ረጅም ጊዜ። ምን እየተጠየቀች እንደሆነ ገብቷታል።

«የኔ ነው» አለች። «እሁድ ከምሳ በኋላ ለዩጂን ሸፈንኩለት። ይዞለት የሄደው ሮስኮ ነው።»

ሮስኮ መናገር ሲጀምር ድምፁ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ሳህኑን ይዤ ስገባ እያዳመጠ ነበር። እንደ ጃቫርየስ አስመስለህ የዘፈንከው አንተ ነህ፣ ለእናትህ ልነግራት ነው አለኝ። ሄድፎኑን እንኳ ሳያወልቅ ተነሳ። ተወው፣ ገና መብላት ጀመረች አልኩት። ደረጃው ላይ ክንዱን ያዝኩት፣ መነጨቀኝ። ገፋሁት።»

«ቃሉንስ ማን ነው የጻፈው?» አለች እናቱ።

«እኔ።»

«ለኔ?»

«ላንቺ።»

«በራስህ ድምፅ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«አትሰሚኝም ነበር፣ ማማ።»

ሚስ አርዜላ የቦርሳዋን መቆለፊያ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«እውነትህን ነው» አለች።