ቦራ አርቆ የሚያርፍበት ቦታ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሻይ ልቅዳ ብለው ከሚነሱት ሰዎች ነኝ፣ እዚህ ስዊድን ዩልስታ በሚባል ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሩ ማንም ሳይነካው ተከፈተ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ማጠፊያውን ፈትቼ ቅባት የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ሰዎች ያዩትን ሲመሰክሩ መብራቱ የት ጋ ነበር ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ እንቅልፍ አጥቶ ነው እል ነበር። እመነኝ፣ ያን ቀን በደንብ ተኝቼ ነው የተነሳሁት። የሆነውም ከሰዓት በኋላ ነው፣ በታኅሣሥ እዚህ አገር ከሰዓት በኋላ ማለት ጨለማ ማለት ቢሆንም።

የምሠራው ከኡፕላንድስ ቬስቢ ከተማ በአውቶቡስ ወጣ ብሎ ጫካ መሀል ባለ የፈረስ ማሠልጠኛ ነው፣ ጋጣ እጠርጋለሁ፣ አበላለሁ፣ ኮርቻ እጭናለሁ። እዚያው ስወጣ ስገባ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ አንድ ነገር ለመድኩ፣ እየጋለበ አጥር የሚዘል የመሰናክል ውድድር ፈረስ ተስፋ ይኑረው አይኑረው በጆሮዬ እለያለሁ። አጥሩ አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። ሲቀርብ የኮቴው ምት ከተዛባ ፈረሱ ፈርቷል፣ አየር ላይ ዝም የሚልበት ጊዜ ካጠረ ጉልበት የለውም፣ ሲያርፍ ሁለቱ የፊት እግሮቹ ተከታትለው ሳይሆን አንድ ላይ ዱብ ካሉ አንድ ቀን ይሰበራል። ዓይን መልክ አይቶ ይቅር ይላል፣ ጆሮ ግን መልክ አያውቅም። አንዳንዱ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ቦራ የጋሽ መኮንን ፈረስ ነው። ጋሽ መኮንን ሮግስቬድ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ በስደት የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ዳማ ውርንጭላ ሲገዙ በኢትዮጵያውያን ማኅበሩ ያለ ሰው ሁሉ አብደዋል ብሎ ነበር። የምትጋልበው ልጃቸው ሣራ ናት። ሣራ አንድም የአማርኛ ቃል አያመልጣትም፣ ግን መልሷ ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው፣ ምክንያቱን አንድ ቀን ኮርቻ አብረን ስንወለውል ነገረችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች ክርስትና ቤት ውስጥ በአማርኛ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ተሳሳተች፣ አባቷ ወንበር ላይ አቁመው እንግዳው ሁሉ እስኪሰማ ደጋግመው አስባሏትና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ እንግዳውም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም፣ አባቷንም “ፓፓ” ነው የምትላቸው።

ያን ቀን ጋሽ መኮንን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው መጡና ከሩቅ ጀመሩኝ።

“እህ፣ ዶክተር ጆሮ! ማዳመጫህን ይዘሃል?”

“ደህና ዋሉ ጋሽ መኮንን?”

“የእኔን ተወውና የፈረሴን ንገረኝ። ለፀደዩ ውድድር ይሆናል ወይስ አይሆንም? ካልሆነ የቄራው መኪና ሰኞ ይመጣል፣ ቦታ አስይዤለታለሁ። ሳር እየበላ የሚያዛጋ ፈረስ አልቀልብም።”

ሣራ ከኋላቸው ቦራ ላይ ተቀምጣ ጋማውን ትዳብሳለች። ዞር ብዬ አየኋት።

“ለሷ አትጨነቅ፣” አሉ እየሳቁ፣ “አማርኛ አይገባትም።”

እንደሚገባት ያውቃሉ። እጇ ጋማው ላይ ቆመ።

ሜዳው ላይ ተራ በተራ የቆሙ፣ በጥድ ቅርንጫፍ የተጠቀጠቁ አጥሮች አሉ፣ በምሰሶ መብራት ነው የሚታዩት። እኔ መጨረሻው አጥር አጠገብ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፣ ጋሽ መኮንን ከኔ ፈንጠር ብለው ሲጋራ ለኮሱ፣ ሣራ ለቀቀችው። መጣ። እንዲህ ያለ ምት ሰምቼ አላውቅም፣ ልክ እንደ ጥሩ ከበሮ፣ አይፈጥን አይዘገይ። ተነሳ፣ ዝም አለ፣ ዝምታው ረጅም ነው፣ ከዚያ የፊት እግሮቹ ጠብ፣ ጠብ፣ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ። ፈገግ ልል ስል ከእሱ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ከባድ ነገር ወደቀ።

ዞርኩ። ቦራ እየጋለበ ርቋል፣ ሣራ ላዩ ላይ ናት፣ አጥሩ አንድ ቅርንጫፍ አልጎደለበትም።

“ሌላ ፈረስ ወጥቷል እንዴ?” አልኳቸው።

“በዚህ ብርድ? ያበደው የኔው ብቻ ነው።”

ከጥድ ላይ በረዶ ተንዶ ይሆናል አልኩ፣ ይናዳል እኮ። ግን ጥዶቹ ሜዳው ዳር ናቸው፣ ድምፁ ደግሞ ከእግሬ ሥር የመጣ ያህል ነበር። ሣራን ድገሚው አልኳት፣ አሁን ዓይኔን ገልጬ፣ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ቆምኩ። ምንም አልሰማሁም። ያየሁትን ግን ልንገርህ፣ ፈረስ ሲዘል ወደፊት ነው የሚያየው፣ ቦራ አየር ላይ ሳለ አንገቱን ሰብሮ ወደ ታች፣ ወደሚያርፍበት መሬት አየ፣ ጆሮዎቹ ወደዚያው ሾሉ፣ ከዚያ ሰውነቱን መዘዘውና ማንም ፈረስ ከሚያርፍበት በጣም አርቆ አረፈ።

“አየኸው?” አሉ ጋሽ መኮንን እያጨበጨቡ። “ጎረቤቱን ሁሉ የሚያስቀናው ይሄ ነው! ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚርቅ?”

እኔም ምን ብሎ ነው ብዬ የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ ቦታው ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ በረዶ ሲጥል ነበር፣ አሁንም ይጥላል። አጥሩና የኮቴው ምልክት መሀል ያለውን መሬት ማንም አልረገጠውም፣ በረዶው ግን እዚያ አልያዘም፣ በሰው ቁመት ልክ ቀልጦ ሣሩ እርጥብ ሆኖ ወጥቷል፣ አዲስ የሚወርደውም እዚያ ሲደርስ ይጠፋል። ጓንቴን አውልቄ መዳፌን አሳረፍኩ። ሞቀኝ። ቧንቧ ነው እንዳትለኝ፣ ያንን ሜዳ ስቆፍርና ስደለድል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በሥሩ ምንም አያልፍም።

መተው ነበረብኝ፣ እኔ ግን ነገር ሳላጣራ አልተኛም። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። መጣ፣ ተነሳ፣ ዝም አለ፣ አረፈ፣ ከዚያ ያው ውድቀት፣ አሁን ግን ጠብቄው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁት፣ የኮርቻው ቆዳ ሲጨመቅ፣ የእርካብ ብረት ከድንጋይ ጋር እንደተላተመ ቅጭል ሲል፣ የሰው ትንፋሽ በአንዴ ከደረት ሲወጣ። እና የሴት ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ መጨረሻው ሳብ ብሎ፣ “አባዬ” አለ።

ዓይኔን ገልጬ ዞርኩ። ሣራ ቦራን በሶምሶማ እያመጣች ነበር፣ ፊቷ በብርድ ቀልቶ፣ ደስ ብሏት።

“ሣራ፣ አሁን በአማርኛ ተናገርሽ?”

“እኔ?” አለች በስዊድንኛ። “ምን ሆነሃል፣ ነጥተሃል።”

ጋሽ መኮንን ሲጋራቸውን በረዶው ላይ ወረወሩ። “በል እንጂ ዶክተር፣ ምርመራው አለቀ።”

“ፈረሱ ተስፋ አለው፣” አልኩ። “እንደሱ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ግን ሣራ አትጋልበው።”

“ለምን?”

ነገርኳቸው፣ ውድቀቱን፣ የሞቀውን መሬት፣ ድምፁን። የተጠራውን ቃል ብቻ ዋጥኩት፣ ሣራ እየሰማችኝ አፌ አልታዘዝ አለ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

“ጠበል ልውሰድህ ወይስ የጆሮ ሐኪም? ስማኝ፣ ልጄ ካልጋለበችው ፈረሱን ምን ላድርገው፣ ሳሎን ላቁመው? ሌላ ጋላቢ እንዲከብርበት ነው የቀለብኩት? እሷ ካልሆነች ሰኞ መኪናው ላይ ይወጣል፣ ጨርሻለሁ። ምረጥ፣ እሷ ወይስ ቄራ?”

ቀልድ መሰለኝ፣ ፊታቸውን ሳየው ግን ቀልድ አልነበረም። ሣራ ወረደችና በስዊድንኛ ትጠይቀኝ ጀመር፣ ድምፅዋ የሐኪም ድምፅ ነበር።

“ምቱን አዛባ?”

“አላዛባም።”

“ሲያርፍ እግሮቹ አንድ ላይ መቱ?”

“አልመቱም። ሣራ፣ የሰማሁት ግን...”

“ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለውን ፈረስ ለውድድር ይበቃል ነው የምትለው። አንድ ድምፅ ሰማሁ ብለህ የቄራ ሜንጦ ላይ ልትሰቅለው ነው?” ቦራ አፍንጫውን ብብቷ ውስጥ ከቶ ነበር። ወደ አባቷ ዞረች። “ፓፓ፣ እኔ እጋልበዋለሁ።”

ጋሽ መኮንን ዞረው አዩዋት። ከዚያ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፣ ማጅራቷን በእጃቸው ያዙና፣ “የኔ ልጅ! ገና ዛሬ እኔን መሰልሽ፣” አሏት።

ሣራ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የሐይቅ በረዶ ይሸከመው እንደሆነ በአንድ እግሩ እንደሚሞክር ሰው፣ ቆም አለች፣ ደግሞ ሞከረች። “አባዬ፣” አለች።

ዝቅ ብሎ። መጨረሻው ሳብ ብሎ።

“አባዬዬ!” ብለው አስመስለዋት ሳቁባት፣ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር፣ እሷም ሳቀች፣ አቀፉዋት። እኔ ቦራን ነበር የማየው። ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ከእሷ እየሸሸ፣ ልጓሙ እስኪወጠር ድረስ አፈገፈገ።

የሰማሁትን ቃል በኋላ ለብቻዋ ነገርኳት። ፈገግ ብላ፣ አሁን ከሰማኸው ጋር ተደባልቆብህ ነው አለችኝ፣ እና እኔ ሌላ ሰው እንዲህ ቢለኝ የምመልስለት ይህንኑ ነበር።

በረዶው ቀልጧል፣ ሜዳው ለምልሟል፣ ውድድሩ ቀርቧል። ሣራ አሁን በየቀኑ አማርኛ ትሞክራለች፣ “ናሆም እንደምን አደርክ” ትለኛለች፣ ደስ ይላታል። እኔ ዓይኔን መጨፈን ትቻለሁ፣ ስትጋልብ ፊት ለፊት ቆሜ ነው የማየው። አጥሩ ሥር አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው ያለው፣ ደጋግሜ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ቦራ ግን እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ አንገቱን ሰብሮ ወደ ታች ያያል፣ የተኛ ሰው እንዳይረግጥ ያህል ሰውነቱን ይመዝና አርቆ ያርፋል፣ ጋሽ መኮንንም ያጨበጭባሉ።