በጣት የታሰረ ብሎን

«አሁን አዙሪው!»

ሶስና ቁልፉን አዞረችው። ቀጭ። ከዚያ ዝም።

«ድገሚው።»

ቀጭ።

«እኛ ተነስ እንለዋለን፣ እሱ ከንፈር ይመጥጥልናል!» አሉ ጋሽ አስማረ ከተከፈተው የመኪናው ኮፈን ስር። ከዳንግላ ድረስ የመጡ መካኒክና የአባቷ የቆየ ወዳጅ ናቸው። ሶስና አልሳቀችም።

ፒካፑ ከነሐሴ ወዲህ ከግቢው አልተነቃነቀም። በዚያ ወር አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አባቷ ባምላክ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት፣ እሱ ራሱ መንዳት ያስተማራት እናቷ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁልፉን ደጋግማ አዞረችው። መኪናው ቀጭ ብቻ አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ ቢገፋም የሰፈራቸው የግምጃ ቤት ከተማ ጭቃ ጎማውን አለቅም አለ። በመጨረሻ ባምላክን በፈረስ ጋሪ ጫኑት። እንጅባራ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ዐረፈ።

ከቀብሩ ወዲህ እናቷ ለሚያጽናናት ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በድንጋጤ ደጋግሜ አዙሬ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«መብራት አብሪ» አሉ ጋሽ አስማረ። የፊት መብራቱ ቦግ አለ። «ባትሪው ደህና ነው። እስቲ...» የያዙትን ትርፍ ካቦ፣ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንዱን ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አደረጉ። «አዙሪ!»

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

«አጥፊው፣ አጥፊው! ሞተሪኖው ጎረምሳ ነው፤ ምንም አልነካው።»

መኪናው ስር ገቡ። ሶስናም ወርዳ አጠገባቸው ተንበረከከች። ጋሽ አስማረ አንድ ብሎን በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ዞረ።

«አየሽ? ባትሪውን ከሞተሩ የሚያገናኘው ካቦ ላልቷል። ከስሩ ደግሞ ዘይት አለ። ለመብራት ሌላ መንገድ አለው፤ ሞተሪኖው ግን ኃይሉን በዚህ ካላገኘ ከየት ያመጣል?» ብሎኑን ደግመው በጣታቸው አዞሩት። «ማን ነው ይህን ያሰረው? ባምላክ በጣቱ አስሮ የሚተው ሰው አልነበረም።»

ሶስና ትዝ አላት። ሰኔ ላይ ነበር። አባቷ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እንደሚያደርገው የመኪናውን ሆድ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ ነበር። ካቦውን ፈትቶ «ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፤ ከዚያ በመፍቻ አጥብቂ» አላት። ጓደኞቿ ከበር ላይ ይጠሯት ነበር። ዘይቱ ላይ ደርባ በጣቷ አሰረችው።

«ጠበቀ?» አላት።

«አዎ፣ አባ።»

አምኗት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም።

ጋሽ አስማረ ፊቷን አዩ። ከዚያ ብሎኑን ፈትተው ብረቱን መፈግፈግ ጀመሩ።

«ልጅ ነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናትሽ ከጠየቀች ሞተሪኖው ነበር፣ ጠገንነው እላታለሁ። ከእኔና ካንቺ አይወጣም።»

«ሞተሪኖው ነበር ካሏት...» አለች ሶስና። «ያቃጠለችው እሷ ሆነች ማለት ነው።»

«እሱንስ ለምዳዋለች።»

ብሎኑን በመፍቻ አጠበቁት። ሶስና ገብታ ቁልፉን አዞረች። መኪናው ተነስቶ ግቢውን በጭስ ሞላው። እናቷ በጥቁር ነጠላዋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እነሱ መጣች።

«የተቃጠለውን አወጣችሁት?» ብላ ጮኸች፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ።

ጋሽ አስማረ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሶስናን ተመለከቱ።

በዚያ ጩኸት ውስጥ ምንም ብትናገር በደንብ አይሰማም ነበር። ሶስና ሞተሩን አጠፋችውና ወረደች።

«የተቃጠለ ነገር የለም፣ እማ። አንቺ አይደለሽም» አለች። «ነይ፣ ጎንበስ በይ። የማሳይሽ አለ።»