ቢጫው ቅጂ

ወንድሟ ክፈፉን የገዛው የሙያ መዛኝነት ሥልጠናዋ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠርዙ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ መስታወት የገባለት ክፈፍ። ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሚስማር መታና ባዶውን ሰቀለው።

«ደንበኛ እንደገባ ዐይኑ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው» አለ የእጁን አቧራ እያራገፈ። «ብቁ መዛኝ ያለችበት ስፌት ቤት በዚህ መንገድ ላይ እኛ ብቻ ልንሆን ነው፣ መቀሴ።»

መቀሴ ነው የሚላት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ ሃያ አንድ። ትምህርቱን ጥሎ የአባቱ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠ። አሳደጋት፣ አስተማራት፣ ትዳር ሳይዝ ፀጉሩ ሸበተ። መቁረጥ ግን አልሆነለትም፣ ሌላ ሰው የቆረጠውን ነበር የሚሰፋው፤ እሷም በአሥራ ስድስት ዓመቷ መቀስ አነሳች። አሁን ሃያ ስምንት ሆኗታል፤ መቀሱ እስካሁን እጇ ላይ ነው። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይሰፋል። ቤቱ አንድ መስኮት አለው፤ እሱም የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

ክፉ ወንድም ቢኖራት ኖሮ ድሮ ሄዳ ነበር። ችግሩ ደግነቱ ነው። ከክፉ ሰው ቤት በር ሰብሮም ይወጣል፤ ከደግ ሰው ቤት ግን በሩ ክፍት ሆኖ እግር እምቢ ይላል። «ጥዬህ ልሂድ» በየት አፏ ትበለው?

ስለዚህ ዋናውን ነገር ደብቃዋለች። የሚያሠለጥናት የሙያ ምዘና ማዕከል ሠልጥኖ ያለፈውን መዛኝ በሌሎች ከተሞች ባሉት ቅርንጫፎቹ ይቀጥራል። ወንድሟ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሲጠብቅ፣ እሷ የምትጠብቀው የመውጫ ወረቀት ነበር።

ሥልጠናው በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በሙያቸው ለዓመታት ሠርተው ወረቀት የሌላቸውን አዋቂዎች እንዴት መመዘን እንደሚቻል ይማራሉ። አሠልጣኟ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ሠልጣኞቹ በሌሉበት «ወይዘሮ ማስረጃ» ይሏቸዋል፤ ሰው ምንም ቢናገር መልሳቸው አንድ ነውና።

«ጎበዝ ሰፊ ነው» ትላለች እሷ።

«ማስረጃሽ የታለ?»

«ሲያዩት ያስታውቃል።»

«ያየሽውን ጻፊ እንጂ ያሰብሽውን አትጻፊ። ደግሞ መዛኝ አይረዳም፣ አይጠቁምም፣ ፊቱን እንኳ አያጨማድድም። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የደረሳት ተመዛኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የኖረ ልብስ ሰፊ ነበር። ማዕከሉ ውስጥ ሁሉም «በረንዳው» ይለዋል፣ እሱም አይከፋውም። ረጅም ነው፣ ትከሻው ከማጎንበስ ብዛት ጎበጥ ብሏል። ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት የሸሚዙን ቁልፍ ነው የሚያየው።

ሥራው ከከፋይ ጨርቅ ቀሚስ መቁረጥ ነበር። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ወደ ታች ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳስሱት ይሻክራል። የቀሚሱ ፊትና ጀርባ በአንድ አቅጣጫ ካልተቆረጡ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይታያል። በረንዳው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ወረቀት የያዘ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲያየው የመጀመሪያው ነውና ተደናገጠና የቀሚሱን ጀርባ ገልብጦ ዘረጋው፣ መቀሱንም ከፈተ።

እሷ ሳለች።

ትንሽ ሳል ናት። እሱ ግን ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ጨርቁን አየ፣ በመዳፉ ዳሰሰውና ቀስ ብሎ አዞረው።

«እጅ ከፍንጅ» አሉ ወይዘሮ ማስረጃ ከኋላዋ። ምዘናው ተሰረዘ። «በሳል የምትመዝን መዛኝ ዛሬ ገና አየሁ» ተባለላትና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ስትገባም ሠልጣኞቹ እየተቀባበሉ ይስሉባት ጀመር። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት እንዳለችው ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

በማግስቱ በረንዳው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። በወረቀት የተጠቀለለ የሳል ከረሜላ ይዟል።

«ይውሰዱ» አላት። «ጉንፋን ከሆነ ይሻልዎታል።»

«ጉንፋን ካልሆነስ?»

የሸሚዟን ቁልፍ አየ። «እሱን እኔም እያሰብኩበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከልምምዱ በኋላ በማዕከሉ ሻይ ቤት አብረው ይቀመጡ ጀመር። በሦስተኛው ሻይ «እርስዎ» ቀረ፤ ስለ ወንድሟና ስለምትጠብቀው መውጫም ነገረችው። በአራተኛው የካፖርቷ ቁልፍ መላላቱን አየና ከኪሱ መርፌና ክር አውጥቶ፣ እንደለበሰችው ሰፋላት። ጭንቅላቱ አገጯ ሥር ነበር። ክሩን በጥርሱ እስኪበጥስ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

የመዛኝ ሥራ ማየት ነው፤ ዐይኗ ደግሞ ሠልጥኗል። ሲያፍር ሜትሩን ጣቱ ላይ እንደሚጠቀልል አየች። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን አየች። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል፤ የእሷ ልብ ከዐይኗ ቀድሞ ነበር የሚያየው።

«ወረቀቱን ካገኘሁ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ይቀጥረኛል» አላት በስድስተኛው ሻይ። «ሌላ ከተማ ነው። በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ።»

«ጥሩ ነዋ።»

«እዚያም የምዘና ማዕከል አለ ይባላል።» ይህን ሲል ብርጭቆውን ነው የሚያየው።

«እንዲህ ነው?» አለች።

«እንዲህ ነው።»

ሁለቱም ከዚያ አላለፉም።

ቤት ስትገባ ክፈፉ ጠበቃት። ባዶው መስታወት የራሷን ፊት መለሰላት፤ በአራት ጠርዝ መሀል የተቀመጠ ፊት።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ወንድሟ።

«ደክሞኝ ነው ጋሼ።»

«አይዞሽ። ወረቀቱ ይምጣ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን እዚሁ እንደ ንግሥት ነው የምትቀመጪው።»

ከልቡ ነው ያለው። እሷ ግን ፍርድ የተነበበላት መሰላትና መቀሷን አንስታ የማንም ያልሆነ ቁራጭ ጨርቅ ቆረጠች።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአሠልጣኟ ፊት ሦስት ሰው ይመዝናል፤ ማን ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ነው፣ የወጣ ዕጣም አይተካም። ሦስት ያልሞላለት ወረቀት አያገኝም፣ የሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ምዘና በፊት ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ ቅጂ ያለው ቅጽ ይሞላል። «ከተመዛኙ ጋር ዝምድና፣ ጥቅም ወይም ቅርበት አለዎት?» ይላል። ለሁለቱ «የለኝም» ብላ ፈረመች፣ መዘነች፣ አንድ ስሕተት አልተገኘባትም። ሦስተኛውን ዕጣ ስትከፍተው አሥራ ሰባት ቁጥር ወጣ።

በረንዳው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ተለጥፏል።

«ላንቺ ነው የደረስኩት?»

«አዎ።»

ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠቀለለ። «የለኝም ብለሽ ጻፊ። እኔ አልቀየምም። ወረቀቷ ከዚያ ቤት መውጫሽ ናት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ? ምን ተባባልን?»

እውነቱን ነው። ምን ተባባሉ? ምንም። ክፍሉ ገብታ እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች። የለኝም ካለች መንገዱ ሁሉ ይቃናል፤ ወረቀቷን ትይዛለች፣ ትወጣለች። አለኝ ካለች ሌላ አንድ ዓመት፣ ያ መስኮት፣ ያ ግድግዳ፣ ያ ክፈፍ። እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ይባስ ብሎ እሱ ሻይ ብቻ ሲጠጣ ከርሞ ቢሆንስ? ያኔ መሳቂያ ትሆናለች፤ በሳሉ ቀን ከሳቁት በላይ ይስቁባታል።

ግን «የለኝም» ብላ ፈርማ፣ እጆቹን እንደማታውቃቸው እያየች በምዘና መዝገቡ ላይ «ታየ፣ አልታየም» እያለች ልትሞላ ነው? የለኝም ያለችውን ሰው ነገ በምን ዐይኗ ልታየው?

«አለኝ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ያብራሩ» የሚል ባለ ሦስት መስመር ቦታ ነበር። እንደተማረችው ያየችውን ጻፈች። ሦስቱ መስመር አልበቃትምና የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ቀጠለች።

ወይዘሮ ማስረጃ ቅጹን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አነበቡ።

«ይህን ለተመዛኙ ማንበብ አለብኝ» አሉ። «መዛኝ ሲቀየር ምክንያቱ ለተመዛኙ ይነገራል። ደንቡ ነው።»

ያን ደንብ ከነአንቀጹ ሸምድዳው ነበር። ስትጽፍ ግን ጨርሶ ከራሷ ጠፍቷል።

በረንዳው ተጠርቶ ገባና የስፌት መኪናው አጠገብ ቆመ። ወይዘሮ ማስረጃ ቃለ ጉባኤ በሚያነቡበት ድምፅ ጀመሩ።

«መዛኟ ከተመዛኙ ጋር ቅርበት እንዳላት አሳውቃለች። ማስረጃ፤ ከተመዛኙ ጋር ሰባት ጊዜ ሻይ ጠጥታለች። ተመዛኙ የካፖርቷን ቁልፍ ሰፍቶላታል፤ ቁልፉ እስካሁን አልላላም። የሰጣትን የሳል ከረሜላ አልበላችውም፣ አስቀምጣዋለች። እሱ በማይመጣበት ቀን ሰዓቱ አይሄድላትም። ስሙ ሲጠራ እጇ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሥራውን በትክክል ልትመዝን አትችልም፤ ቢያበላሽም ያማረ ይመስላታል።»

እሷ ወለሉ ላይ የወደቁትን የክር ቁርጥራጮች ትቆጥራለች።

«ተመዛኙ የሚሉት አለ? የመናገር መብት አለዎት።»

ዘጠኝ ክር ቆጠረች።

«ስሕተት አለበት» አለ በረንዳው።

ቁጥሩ ጠፋባት።

«የቱ ላይ?» አሉ ወይዘሮ ማስረጃ።

«ሰባት አይደለም፣ ስምንት ነው። የመጀመሪያው ቀን በእኔ ሰበብ ሲስቁባት ሻይዋን ትታ ወጣች። የተረፈውን እኔ ጠጣሁት። ቀዝቅዞ ነበር።» ሜትሩን ከጣቱ ፈታ። «እሱንም ይጻፉልኝ። የእኔ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።»

ወይዘሮ ማስረጃ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ቀና ሳይሉም «ማስረጃው በቂ ነው» አሉና በዐይናቸው በሩን አሳዩዋት። እሳቸው ራሳቸው ሊመዝኑት ነው።

በበሩ መስታወት አየችው። ከፋዩን ዘረጋ፣ መቀሱን ከመክፈቱ በፊት ወደ ታች በመዳፉ ዳሰሰው። እሷ አልሳለችም።

እሱ አለፈ። ከአራት ቀን በኋላ አውቶቡስ ተራ ሸኘችው።

«ዓመት ረጅም ነው» አለችው። «ቁልፉ ይላላ ይሆናል።»

«አይላላም። ድርብ ክር ነው ያገባሁበት።»

ቤት ግን ነገሩ የፈነዳው በፈተናው ዕለት ነበር። ወንድሟ ክፈፉን አውርዶ በጨርቅ እየወለወለ ጠበቃት።

«የታለ ወረቀቱ?»

ቢጫውን ቅጂ አወጣች። «የተሰጠኝ ይሄ ብቻ ነው ጋሼ።»

ቆሞ አነበበው። እስከ ስምንተኛው ሻይ ድረስ አነበበው።

«ሌላም አለ» አለች። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም። «ባገኘውም እዚህ አልሰቅለውም ነበር። ልሄድበት ነበር።»

«መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«በየት አፌ?»

ቅጂውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ መኪናው ላይ ተቀመጠና ይሰፋ ጀመር። ወር ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መስኮቱ ያው ግድግዳ፣ ጠረጴዛው ያው ጠረጴዛ። እሁድ እሁድ ብቻ ስልኳ ሲጮህ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ በረንዳውም ስለ ፋብሪካው ይነግራታል፣ እሷም ስለ ጥቃቅኑ ሁሉ ትነግረዋለች። ከወሩ ውስጥ የሚተነፈስባት ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ጠዋት አርፍዳ ስትገባ ወንድሟን ጠረጴዛዋ ላይ አገኘችው። መቀሷን በሁለት እጁ ይዞ አሮጌ ጨርቅ ይቆርጣል፤ ያወጣው እጅጌ ለሰው ይሁን ለወንበር አይታወቅም።

«ምን እያደረግህ ነው ጋሼ?»

«እንግዲህ የሚቆርጥ ሰው ያስፈልገኛል አይደል?» አለ ሳያያት።

ቀረብ አለችና እጁን ይዛ መቀሱን አስተካከለችለት። የዚያን ቀን ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም ጀርባቸውን አዙረው።

ዓመቱ ዞረ። ሦስት ተመዛኝ ደረሳት፣ ሦስቱንም ጊዜ «የለኝም» ብላ በእውነት ፈረመች፣ ወረቀቷንም ያዘች፤ በረንዳው ባለበት ከተማ ያለው ማዕከልም ቀጠራት። የምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሱቁ ገባች። ክፈፉ ባዶ አልነበረም። ከመስታወቱ ሥር፣ የታጠፈበት መስመር እንኳ ሳይጠፋ፣ ቢጫው ቅጂ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ደንበኛ ሁሉ ሊያነበው ነው እኮ።»

«ያንብበዋ። እህቴ በዚህ መንገድ ላይ የማትዋሽ ብቸኛዋ መዛኝ ናት እለዋለሁ።»

እህቴ አላት። መቀሱ እሱ እጅ ላይ ነበር።

ይኼኔ ከውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ሳል ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ወንድሟ ከዘረጋው ጨርቅ ላይ ቀና አላለም።

«ሂጂ እንግዲህ» አላት። «ሰውዬው ጉሮሮው ሳይደርቅ።»