የካርቶን ቀብር

«ዘንድሮ የእኔን ስም ጥሪ» አላት ዋንደር።

ዞይላ ሙዝ እየላጠች ነበር፤ የሚቀቀለውን፣ ጥሬውን ሙዝ። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ዋንደር ከግቢው ፍርግርግ በር ማዶ ነው፤ ቢጫ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ።

«የምን ስም?»

«አታውቂም አሉ! ዛሬ ከተሸነፍን ነገ ሳጥኑ ይወጣል አይደል? ሙሾውን አንቺ ታወጪያለሽ። እና ዝም ብለሽ ‹ንስሮቹ ምናምን› ብለሽ እንዳታልፊው። ‹ዋንደር ሞተ› በዪ።»

«አብደሃል?»

«አላበድኩም።»

«ሂድ ከዚህ። ሥራ ይዣለሁ።»

አልሄደም። ይሄ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሂድ ሲሉት አይሄድም። «ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልሰደበኝም፤ ታውቂያለሽ? ባለፈው ሳምንት እናንተ ዘጠኝ ለባዶ ቀጠቀጣችሁን። ዘጠኝ ለባዶ እኮ ነው! በማግስቱ ክፍል ስገባ ሁሉም ዝም። ያ ፍንዳታ ፍራንክሊን እንኳ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹አይዞህ።› አቦ፣ ‹አይዞህ› ነው ያለኝ!»

ዞይላ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ግን አልሳቀችም።

«እማማም እንደዛው ናት» አለ ዋንደር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነብሮቹ ባሸነፉ ቁጥር ወንበሯን ደጅ አውጥታ ትቀመጣለች። የሚያበሽቃት ሰው ስትጠብቅ። ሰዉ ግን ሬዲዮውን ቀንሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋታል። የሞተው አባባ ነው። እኛን ምን አስቀበረን?»

ዞይላ ሙዙን አገላበጠችው።

«ሟርት ምናምን ፈርተሽ ከሆነ ደግሞ እኔ አላምንበትም» አለ።

«እኔ አምንበታለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ቀና ስትል ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ወይ ቢጫ ነው ወይ ሰማያዊ። ቢጫው የንስሮቹ፣ ሰማያዊው የነብሮቹ፤ ሁለቱም የቤዝቦል ቡድኖች ናቸው። ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ሁለት ቡድን ይደግፋሉ። ቄሱ «እኔ ለማንም አላዳላም» ይላሉ፤ ካልሲያቸው ግን ቢጫ ነው። ታዲያ ጥር ላይ አንዱ ቡድን ሌላውን ከውድድር ሲያስወጣ፣ ያሸነፉት የካርቶን ሬሳ ሳጥን ሠርተው፣ ተሸክመው፣ በተሸናፊዎቹ ደጅ እየዞሩ ያለቅሳሉ። የውሸት ለቅሶ ነዋ! ዓይኑን በሽንኩርት የሚያሽም አለ፣ አስፋልት ላይ የሚንከባለልም አለ። ለቅሶው ግን ያለ አልቃሽ አይደምቅም። የሰማያዊዎቹ አልቃሽ ደግሞ ዞይላ ናት። ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ ነው የጀመረችው፤ ስንኙ ከየት እንደሚመጣላት እሷም አታውቅም። ብቻ አፏን ስትከፍት ይመጣል።

የቢጫዎቹ አውራ ደግሞ የዋንደር አያት፣ እሱ አባባ የሚላቸው ዶን ኪሪኮ ነበሩ። ጎሚስታ ቤታቸው ከዞይላ ቤት ፊት ለፊት ነው። በራቸው ላይ አሮጌ ቸርኬ አንጠልጥለዋል፤ ነብሮቹ በተሸነፉ ቁጥር እሱን በብረት ይደበድቡታል። ካን! ካን! ካን!

«ዞይላ! የኔ ልጅ! ያ ነብርሽ የት ገባ? ዓሣ ልግዛለት እንዴ?»

ዞይላም በመስኮት ብቅ ትላለች። «ዶን ኪሪኮ፣ እርስዎ መጀመሪያ ንስርዎን ይንፉት! ተንፍሷል!»

ሰፈሩ በሳቅ ይፈርሳል። በቃ፣ እንዲህ ነበሩ።

አምና ንስሮቹ ተሸነፉ። የዞይላ አጎቶች ከፍሪጅ ካርቶን ሳጥን ሠሩ፤ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ አቁመው ወደሷ ዞሩ። እሷም እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ለቀቀችው፦

«የንስር አባወራ፣ ጎማ ነፊው ኪሪኮ፣
ትንፋሹን ጨረሰ፣ ንስሩም ወደቀኮ!»

እንደዛ ቀን ተስቆ አያውቅም። ዶን ኪሪኮ ራሳቸው ጥቁር እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። «ሬሳ የሌለው ለቅሶ የት ነው ያያችሁት? ዞር በሉ!» አሉና ካርቶኑ ውስጥ ገብተው ተጋደሙ። አራት ሰው ሲያነሳቸው የካርቶኑ ቂጥ ተቀደደና አስፋልቱ ላይ ዘፍ። እዚያው ተጋድመው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በአንድ ክንዳቸው ተደገፉና፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ፤ «ያን የትንፋሹን።»

ደገመችላቸው። ጮክ ብላ ነው የደገመችላቸው።

የካቲት ሳያልቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጎሚስታ ቤቱ ኮምፕሬሰር ተነሳ። ተነሳና አልቆም አለ። ሰፈርተኛው ሥራ በዝቶባቸው ነው ብሎ ዝም አለ። ዞይላ መስኮቷ ሥር የቤት ሥራ እየሠራች ነበር፤ እሷም ዝም አለች። አንድ ባለሞተር ጎማ ሊያስነፋ ሲገባ ዶን ኪሪኮ የጎማ ክምር ተደግፈው ተቀምጠዋል። የአየር ማስገቢያው ቱቦ እጃቸው ላይ ነው፤ እየነፋ። እሳቸው ግን አይተነፍሱም።

እውነተኛው ለቅሶ ላይ ዞይላ ለሰው የዝንጅብል ሻይ ታድል ነበር። አክስቷ ኤርሚንያ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት፣ «ከዚች ልጅ አፍ ይሰውረን» ስትል ሰማቻት። ለቀልድ ይሁን ለምር አልታወቀም። ሴትዮዋ አልሳቀችም፤ አማተበች።

ከዚያ በኋላ ዞይላ በማንም ላይ ሙድ ይዛ አታውቅም። በኳስ ብቻ አይደለም፤ በቃ በምንም። ስንኙ ግን አልተዋትም። ጥርሷን ስትቦርሽ ይመጣል። የሒሳብ ፈተና ላይ፣ ሦስተኛው ጥያቄ መሃል፣ ማንም ሳይጠራው ይመጣል፦ ትንፋሹን ጨረሰ። የጎረቤት ፍሪጅ ድምፅ ሲያሰማ ኮምፕሬሰሩ የተነሳ ይመስላታል፤ እስኪቆም ትጠብቃለች፣ እስኪቆም ድረስ እሷም ትንፋሿን ትይዛለች። ነብሮቹ በተሸነፉ ቀን ደግሞ ቸርኬው ይጮኻል። ካን! ካን! ካን! ሮጣ መስኮት ትከፍታለች። ጎሚስታ ቤቱ በቁልፍ ነው። ቸርኬው ንቅንቅ አይልም። ሸረሪት አድርታበታለች።

ይህን ለማን ትናገረዋለህ?

ዋንደር በመጣበት በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ሄደ። ባለ ባትሪ ኢንቨርተር ያለው ሞንቾ ባለሱቁ ብቻ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ተጠራርጎ ሞንቾ ሱቅ ገባ። ዞይላን እናቷ አይብ ግዢ ብላ ላከቻት እንጂ ጨዋታ ልታይ አልሄደችም። ሱቁ ውስጥ ግን ጭቅጭቁ ደርቷል።

«ይቺን ነው ንስር የምትላት?» ይላል ሞንቾ፣ ሰማያዊ ማልያው ከቦርጩ በላይ ተሰብስቦ። «ዶሮ እኮ ናት! ሦስት ዙር ሙሉ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ!»

«አንተ ድመት፣ ዝም ብለህ ወተትህን ላስ!» ይለዋል አንድ ባለ ቢጫ ሽማግሌ፤ ሞንቾ የያዘው ግን ቢራ ነው።

በዚህ መሃል ዋንደር ገባ።

አንድ ሰው ሬዲዮ ያጠፋ ነው የመሰለው። ሞንቾ ማልያውን ወደታች ጎተተ። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ፤ የገዛ ቡድኑን ኮፍያ! «ግባ የኔ ልጅ» አለ ሞንቾ በቤተ ክርስቲያን ድምፅ። «ምን ልስጥህ? አትከፍልም።»

ዋንደር ምንም አልፈለገም። ጥግ ላይ ቆመ። ዞይላ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ መሆኑን አይታ አታውቅም ነበር፤ ከትምህርት ቤት መልስ ከቤት ስለማትወጣ ከየት ታያለች? አሁን አየች። ሁሉም ይወደዋል፤ ሁሉም ደግሞ ልክ እንደ ፎቶግራፍ ነው የሚያየው።

የመጨረሻው ዙር። ነብሮቹ በአንድ ይመራሉ። ንስሮቹ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ አላቸው፤ አንድ ጥሩ ምት ይበቃቸዋል። ነብሮቹ ካሸነፉ ነገ ሳጥኑ ዋንደር በር ላይ ይቆማል፤ ሁሉም ወደ ዞይላ ይዞራል። እና ዞይላ፣ በሰማያዊ አንሶላ ተጠቅልላ የተወለደችው ዞይላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቧ እንዲህ አለች፦ ነብሮቼ ይሸነፉ። ፈጣሪዬ፣ በቃ ይሸነፉልኝ።

ወርዋሪው ወረወረ። ዱላው ጧ አለ። ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ ከአጥሩ በላይ ሄደች።

ንስሮቹ አሸነፉ፤ ነብሮቹ ከውድድር ወጡ። ቢጫው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ። ዋንደርን አቀፉት፤ ቀስ አድርገው፣ እንዳይሰበር። ዞይላ አይቧን ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ መጀመሪያ እፎይ አለች። ከዚያ ግን እግሯ ዘገመ። አፏን እንኳ አልከፈተችም ነበር እኮ። አስባ ብቻ ነው። አስባ ብቻ፣ እንዳሰበችው ሆነ።

ከኋላዋ ካን! አለ። አልዞረችም። ሮጠች።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሳጥኑ ወጣ። ቢጫ ለባሹ ተሸክሞት እየጮኸ፣ ድስት እየደበደበ መጣ። ሙሾ አውጪው ዋንደር ነው፤ የአያቱ ቦታ ለእሱ ስለደረሰች። ግን ምን ልበላችሁ፣ አይችልም! ድምፁ ገና እየተቀየረ ስለሆነ መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ሕፃናቱ በሳቅ ሞቱ። የዞይላ እናት እንኳ በረንዳ ላይ ሆና አፏን በእጇ ያዘች።

ሳጥኑ የዞይላ በር ላይ ቆመ። እሷ ከፍርግርጉ ውስጥ ናት። ዋንደር ጉሮሮውን ጠራርጎ እጁን አናቱ ላይ ጫነ።

«ሞተች አሉ ዛሬ፣ ምላሳሟ...»

ቆመ።

ቀጥሎ የማን ስም እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ድስቱም ዝም አለ። የአክስት ኤርሚንያ ጣት ለማማተብ ግንባሯ ጋ ደርሷል። «ምላሳሟ...» አለ ዋንደር እንደገና፤ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ዓይኑ ዞይላ ላይ ነው። ዞይላ ያን ዓይን አወቀችው፤ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የምታየው ዓይን ነው።

አላምንበትም ያለው ውሸቱን ነበር። የሌለውን ድምፅ እሱም ዓመት ሙሉ ሲሰማ ከርሟል፤ ያውም የኮምፕሬሰሩ ግድግዳ ማዶ ተኝቶ። እየፈራ ነው ትናንት እዚህ በር ላይ ቆሞ ‹ዋንደር ሞተ በዪ› ያላት።

በሩን ዘግታ ብትገባ ማንም አይቀየማትም። «እንኳን ደስ አላችሁ» ብትል ሳጥኑ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ያልፋል። እማማም ወንበሯን ታወጣለች፣ ወንበሯን ታስገባለች።

መቀርቀሪያውን ሳበችው።

«ምን አፈዘዘህ? ጨርሰው እንጂ!»

«አልችልም» አለ ዋንደር በሹክሹክታ።

«ስሜ ጠፋህ?»

«ዞይላ፣ ተዪው...»

«ይኸው ጠራኸው» አለችና እጇን አናቷ ላይ አደረገች። ድምፅዋ መጀመሪያ እንደዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለ። ከዚያ ወጣ፦

«ሞተች አሉ ዛሬ፣ ምላሳሟ ዞይላ፣
ነብሬ ያለችው ድመት ሆኖ ኋላ!»

ማንም አልሳቀም። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ሰፈሩ በሙሉ እሷ ስትወድቅ የሚጠብቅ መሰለ። እሷም ጠበቀች። ልቧ ይመታል፤ እንዴት ነው የሚመታው! ይመታል፣ ይመታል።

ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት ሳቀች። እማማ ናት፣ የዋንደር አያት፤ በጥቁር ልብሷ፣ ወንበሯን በእጇ አንጠልጥላ። «ድመት!» አለች። «ያውም ጥርስ የሌላት!» ከዚያ ሌላው ሳቀ፣ ከዚያ ድስቱ ተነሳ፣ ከዚያ የሚሰማ ነገር ጠፋ።

ዞይላ ወጥታ የራሷን ሬሳ ተከተለች። ዋንደርም አጠገቧ ተራመደ።

«ፈርተሻል?» አላት፣ ሳያያት።

«በጣም። አንተስ?»

«ልሞት ነው።»

«እንደሱ አትበል» አለች ቶሎ ብላ። ከዚያ ተያዩ። ዋንደር ነው መጀመሪያ የፈገገው።

«ደግሞ ያንን ድምፅህን አስተካክል» አለችው። «ፍየል ሲያርዱ ነው የሚመስለው። ንስር ነኝ ትላለህ?»

ዋንደር መልሱን ከዓመት በፊት ያዘጋጀው ይመስል አፉን ከፈተ፤ ግን ሞንቾ ሱቅ ደርሰዋል። ሞንቾ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቢራውን ይዞ፣ እየሳቀ፣ ትንሽም ፈራ ተባ እያለ። ሳጥኑ ወረደ። ሰዉ ወደ ሁለቱ ዞረ።

ዞይላና ዋንደር እኩል ትንፋሽ ሳቡና የሞንቾን ስም አብረው ጠሩ።